ሁለተኛ እስኪጠራ

ፈድሉ ነቀምት መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ጎረቤቱ እትዬ ሸዋርጋ አንድ ጠዋት ካሴት ይዘው ሲገቡ «አከም ቡልተኒ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላቸው።

«ይኼን አጥፋልኝና መዝሙር ቅዳበት» አሉት።

ካሴቱ በብሔራዊ ውትድርና የሄደው ልጃቸው ዓምደሚካኤል ከአስመራ ድምፁን ቀድቶ የላከው ነው። መርዶው ከተነገረ ወዲህ ባላቸው አቶ በላይ እሱኑ ሲሰሙ ይውላሉ፤ እህል አይቀምሱም።

ልጁ ማንም እንዳያጠፋው ብሎ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰብሯቸዋል። ፈድሉ ቀዳዳዎቹን በወረቀት ደፈነ፣ ማይክሮፎኑን ነቀለ፣ እሳቸው እዚያው እየጠበቁ በሁለቱም ገጽ ዝምታ ቀዳበት። ከዚያ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ከፈተው።

ሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ልጁ «አባባ» ብሎ ተጣራ።

ፈድሉ ሊዘጋው ሲል እትዬ ሸዋርጋ እጁን ያዙት።

«ይኼ ድሮም አልነበረበትም» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለተኛ እስኪጠራ እንጠብቅ። ሰው ከሆነ ይደግማል።»

ፈድሉም ያውቀዋል። የማይታይ ሰው ሲጠራ በመጀመሪያው አቤት አይባልም፤ አቤት ያለ አብሮ ይሄዳል ይባላል። ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ካሴቱ ዞረ፣ ዞረ። ልጁ አልደገመም።

ከካሴቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሳል ሳል አለና፣ «ወዬ ልጄ፣ መጣሁ» አለ።

እትዬ ሸዋርጋ የፈድሉን እጅ ለቀቁት።

«በላይ ነው» አሉ። «ተኝቶ ትቼው ነው የመጣሁት።»