ሁለት ጠብታ

አያትየዋ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው በሩ ላይ ተገተሩ። ከታቢዋ ስትመጣ ይህ ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ የክትባት ሳጥኑ ማንገቻ ትከሻዋን ልጦታል። «እማማ፣ መርፌ እኮ አይደለም። የልምሻ መከላከያ ነው፤ ሁለት ጠብታ ብቻ። የራሴም ልጅ ወስዷል» አለች፣ ሥልጠና ላይ የተማረችውን ሁሉ እየደረደረች።

«መድኃኒቱን የፈራሁ መሰለሽ?» አሉ አሮጊቷ። ከኋላቸው የሕፃኑ አባት፣ አንድ ልጃቸው፣ በክራንች እየተደገፈ ከጓዳ ወጣ። «ይሄ እግሩ የሰለለው ገና ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ነው። አዝዬው ስንት ደጅ ጠናሁ! ያኔ አንድ ሰው እንኳ በሬን አላንኳኳም። ዛሬ ነው በላይ በላዩ የምትመላለሱት?»

ከታቢዋ ያኔ ገና አልተወለደችም ነበር። ይህንኑ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው። ሳጥኑን መሬት አስቀመጠችና «አልደረስንልዎትም እማማ። ይቅር ይበሉን» አለች።

«እማዬ» አለ ልጃቸው ቀስ ብሎ፣ «እሱ እንኳ ይሩጥልሽ እንጂ።»

እሳቸውም በገዛ ጣቶቻቸው የሕፃኑን ጉንጮች ጫን አድርገው አፉን አስከፈቱት። ከታቢዋ አንድ፣ ከዚያም ሁለተኛ ጠብታ አንጠባጠበችለት። ሕፃኑ ፊቱን አጨማደደና ከንፈሩን ላሰ። ጠርሙሷን ልትከድን ስትል አሮጊቷ እጇን ያዝ አደረጓት።

«አንድ ጨምሪለት» አሉ፤ «የአባቱን።»