የአማቴ ኤሲ

ሰው መናቅ የሚከፈልበት ሥራ ቢሆን አማቴ ሀብታም ነበሩ። የድሬዳዋ ሙቀት ሲያሰቃያቸው ጊዜ ሙያዬ ነውና ኤሲ ገዝቼ በእጄ ገጠምኩላቸው። ብዙም ሳይቆይ ደወሉ።

«ያ ቆርቆሮህ ጠፋ።»

ስደርስ በካርቶን እያራገቡ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልሱ፣ «ልጄን ለፍሪጅ ጠጋኝ ድሬ ከዚህ ሌላ ምን እጠብቃለሁ?» አሉ።

ማሽኑ የጋዙ ግፊት ከልክ በላይ ሆኖበት ራሱን አጥፍቷል። ከቤት ውጭ የሚሰቀለው የኤሲው ሌላኛው አካል ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው እንዲህ ይሆናል።

«ውጭ ያለውን ልየው» አልኳቸው።

«ውጭ ምን አለህ? የጠፋው እዚህ ነው።»

አሮጊት ስለ ግፊት ምን ታውቃለች እያልኩ በሆዴ እየተሳደብኩ ወጣሁ።

በመንገድ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ማሽን ከላይ እስከ ታች ተጠቅልሏል። የተጠቀለለው ለፋሲካ ብቻ ከሳጥን በሚያወጡት ጥልፍ አልጋ ልብሳቸው ነው። ጫፍና ጫፉን በመርፌ ቁልፍ አያይዘውታል።

አማቴ ተከትለውኝ ወጥተው ኖሯል። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቀስ ብለህ ግለጠው። ‹አማቼ፣ አማቼ› እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ፣ የሰው ዓይን እንዳይበላው ብዬ ነው።»