የአስፋቸው ባቄላ

ታላቁን የሳይንስ ሽልማት ከወሰደች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ስሟን ግን ከምርምር ማዕከሉ ግቢ ውጭ የሚያውቀው የለም። አንድም ጊዜ ያልተሸለመውን የሥራ ባልደረባዋን አስፋቸውን ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያወጣውን የባቄላ ዘር በስሙ ይጠራዋል። ይህ ያንገበግባታል።

ዛሬ የዚሁ ሽልማት ኮሚቴ አባል ሆና ተቀምጣለች። የቀረበው ዕጩ እሱ ነው።

“ባለቤቴ እንኳ ገበያ ወጥታ ‘የአስፋቸውን ባቄላ ስጡኝ’ ነው የምትለው” አሉ ሰብሳቢው እየሳቁ። “እስካሁን እሱን አለመሸለማችን አያሳፍርም?”

“ስሙ ገበያ ድረስ ከወጣ ሽልማቱ ምን ይጨምርለታል፣ ፕሮፌሰር?” አለች ቀስ ብላ። “ለማይታወቅ ሰው ብንሰጠው አይሻልም?”

እጅ ሲቆጠር አስፋቸው በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ።

ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ወደ መዝገብ ቤት ጎራ አለች። የኮሚቴ አባል የድሮ ፋይሎችን ማየት ስለሚፈቀድለት፣ ያኔ ስለ እሷ የተጻፈውን ሙገሳ ማንበብ አማራት። መዝገብ ያዧ ወይዘሮ ስንዱ የዚያን ዓመት ፋይል አውጥተው ሰጧት። ከላይ ከስምንት ዓመት በፊት በእጅ የተጻፈች አጭር ደብዳቤ አለች።

“የዘንድሮውን ሽልማት ለእኔ መወሰናችሁን ሰምቻለሁ፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ስሜን ሰርዛችሁ በቦታው አብራኝ የምትሠራውን የባልደረባዬን እንድታስገቡልኝ እለምናለሁ።

አስፋቸው”