በማን ደረት?

«ዘጠና ሰባት» አለ ረጅሙ ተማሪ፣ ሜትሩን ከግንዱ ላይ እየፈታ። መዝገብ የያዘችው ልጅ ጻፈች። ሦስተኛው ጓደኛቸው የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ መክፈት ጀመረ።

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ላይ አነሳች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ዛፍ ጥላ ሥር ሰፍታለች። ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቅ መዝጋቢዋ በትሕትና አስረዳቻት። ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጡት፤ የከተማውን ዛፎች እየለኩ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ዙሪያው አንድ ሜትር የሞላ ዛፍ ነጭ ተቀብቶ ይተርፋል፣ ያልሞላው ቀይ ተቀብቶ ይቆረጣል። የእሷ ሦስት ሳንቲ ሜትር ጎደለው።

ሰፊዋ ለሦስት ሳንቲ ሜትር ብላ ሱሪ ጥላ አታውቅም፤ ስፌቱን ትለቀዋለች እንጂ። ግንዱን የት ጋ እንደለካው ረጅሙን ጠየቀችው። ደረት ላይ ነው አላት፤ መምህራቸው በደረት ቁመት ለኩ ብሏቸዋል፣ ከሥሩ ይወፍራል፣ ወደ ላይ ይቀጥናል።

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ትምህርት ያቆመችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሰውን በዓይን በመለካት ግን ማንም አያክላትም።

«በማን ደረት?» አለች።

ረጅሙ ጎንበስ ብሎ የገዛ ደረቱን አየ።

«ያንተ ደረት ከመሬት አንድ ሜትር ከአርባ አምስት ነው። የእሷ» አለች መዝጋቢዋን በአገጯ እየጠቆመች፣ «አንድ ከአሥራ አምስት ቢሞላ ነው። ታዲያ ዛፌን የሚያስቆርጠው ሕጉ ነው ወይስ ያንተ ቁመት?»

ባለቀለሙ ልጅ ሳቁ አመለጠው። ለረጅሙ ግን አልተዋጠለትም፤ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ሲለኩ ማንም አፉን እንዳልከፈተባቸው ተናገረ። ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጫፉን ደረቱ ላይ አስያዘችውና እስከ መሬት ሳበችው።

«ቀጥ በል። ብትጎብጥ የማላውቅብህ መሰለህ?»

አንድ ከአርባ አምስት፤ ዝንፍ አላለም።

መዝጋቢዋ የመመሪያውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ አገላበጠች። «የደረት ቁመት ማለት… ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ» ብላ አነበበች፤ መጨረሻው ላይ ድምፅዋ የለም ማለት ይቻላል።

ሰፊዋ አላመነታችም። አንድ ከሠላሳው ላይ ግንዱን በጠመኔ ጫር አደረገችው።

«በል ጠምጥም። እንደ ሰው ወገብ ያዘው፣ አታንቀው።»

ይህን ብላ ፊቷን አዞረች። ቁጥሩን ለማየት ድፍረት አጣች።

«መቶ…» አለ ረጅሙ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ። «መቶ አንድ።»

ቀዩ ቆርቆሮ ተከድኖ ነጩ ተከፈተ። ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ልጆቹ ግን አልሄዱም፤ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ።

«እናቴ፣ ከአደባባዩ እስከዚህ ሠላሳ ስምንት ዛፍ ለክተናል» አለ ረጅሙ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

«እና ምን ትጠብቃለህ?» አለችና ጠመኔውን እጁ ላይ አኖረችለት።

የስፌት መኪናዋ እንደገና መንጣጣት ጀመረ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ ወደ ደጁ ወጣ። ደጁ ላይ ቀይ ነጥብ ካረፈበት ዛፍ ፊት ያ ዘንካታ ልጅ በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቱ ከመሬት ጋር አጣብቆ ይዟል።