ብዙ የተደመጠው ሸክላ

በሬዲዮ ጣቢያው የድሮ ሸክላዎች ክፍል ውስጥ ከብራዚል በስጦታ የመጣ አንድ ሣጥን ነበር፤ በኦርኬስትራና በመዘምራን የተቀረጸ የብራዚል ክላሲካል ሙዚቃ። አዲሷ የእሁድ ጠዋት ፕሮግራም አዘጋጅ አቧራውን ጠርጋ ከፈተችው። አሥራ አንዱን ሸክላ መርፌ ነክቶት አያውቅም። አሥራ ሁለተኛውን ግን መርፌው ደጋግሞ ፍቆት ነጥቷል፤ ሽፋኑም በጣት ወዝ ጠቁሯል።

«ይኼንንማ ሕዝቡ እንዴት ቢወደው ነው!» አለችው ለቴክኒሻኑ።

እሱም እንደሷ ወጣት ነውና፣ «መሆን አለበት» አላት።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሸክላው ዞረ። ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው ገቡ፤ ከሥራቸው መዘምራኑ ተነሱ። ቋንቋውን ባታውቀውም ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሙዚቃውን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህን ዜማ የምታስታውሱ አድማጮቻችን፣ እስቲ ደውሉልን» አለች።

ወዲያው አራቱም የስልክ መስመሮች ተያዙ። እስከ ዛሬ አንድም ፕሮግራሟ እንዲህ አስደውሎ አያውቅም። እየፈነደቀች አንዱን አነሳች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አየር ላይ ነዎት! ዜማውን ያስታውሱታል?»

«እንዴታ ልጄ» አሉ አንዲት አሮጊት። «ያን ጊዜ የተረሸኑትን ስም የምታነቡት እኮ ከዚህ ቀጥሎ ነበር። የሁለቱን ትልልቅ ልጆቼን ሞት በዚሁ ነው የሰማሁት። የትንሹን፣ የአስማማውን ስም ግን እስከ ዛሬ አልጠራችሁትም።»

መዘምራኑ ይዘምራሉ።

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ? በይ አንብቢው፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቁጭ ብያለሁ።»