እየጠፋች የምትነሳ ሞተር ሳይክል

ሰዓዴ መፍቻውን ከፈዬራ እጅ ነጥቆ አሸዋው ላይ ይወረውረዋል።

"እኔ ቆሜ ይህ ሞተር አይፈታም!"

"ምን ሆነሃል? ሰውዬው ከሳብያ ገበያ ያስመጣኝ ላጫውትህ ነው እንዴ?" መካኒኩ ፈዬራ ወገቡን ይዞ ይስቃል። "ፒስቶኑ ነው። ሲሞቅ ያብጥና ይነክሳል። ደግሞ አንተን ስለ ሞተር ማን ጠየቀህ? እናንተ ወሎዬዎች ሞተር የምትሉት የእህል ወፍጮውን ነው።"

"ወፍጮው ነው ያስተማረኝ! እሱም ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ይህም ባለ አንድ ሲሊንደር። ሲታመሙ የሚያስነጥሳቸው አንድ ዓይነት ነው።"

የእርሻው ባለቤት ሳዑዲው ጀብራን ሽርጡን ሰብስቦ ከማንጎ ጥላ ስር ያያቸዋል። አሮጌዋ ሞተር ሳይክል የሟች አባቱ ናት፤ ሰዓዴ ደግሞ ከአንዱ የውሃ ፓምፕ ወደ ሌላው ይዞርባታል። ከሐሙስ ወዲህ በአንድ ርግጫ ትነሳለች፣ ጥቂት ትሄዳለች፣ ከዚያ አፉን እንደታፈነ ሰው ተንተባትባ ትጠፋለች። ካረፈች ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ጀብራን ዛሬ ጠዋት ፈርዷል፦ አበላሽተሃታል፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ አር-ሪስ ተራራ ወጥተህ ፍየል ትጠብቃለህ። የሰዓዴ ሚስት ሐዋ ግን እዚሁ ወጥ ቤት ትቀራለች። ወደ አር-ሪስ የወጣ እረኛ መቼ እንደሚወርድ የሚያውቀው ጀብራን ብቻ ነው።

"ያ ዓም፣ አጎቴ! ፍርድ ከምርመራ በኋላ ነው!" ይላል ሰዓዴ በዓረብኛ። በአሠሪ ላይ እንዲህ አይጮኽም፤ እሱ ግን ይጮኻል።

ማስነሻውን ይረግጣል። ሞተሩ ዱግ ዱግ እያለ ይመታል፣ ምቱ ሙሉና የቀና ነው። ቆይቶ አንዱን ምት ይስታል፣ ሌላውን ይስታል፣ ይጠፋል። ሰዓዴ ይህችን ሰዓት ነበር የሚጠብቃት። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ በጨርቅ ይዞ ይፈታዋል፣ ብረቱ ላይ አስደግፎ ደግሞ ይረግጣል። ሰማያዊ እሳት ጣ! ይላል።

"እሳቱ አለ። አየህ? ፒስቶኑም ቢነክስ ኖሮ ማስነሻው ለእግሬ እንዲህ አይታዘዝም ነበር።"

"እንግዲያው ቤንዚኑ ቆሻሻ አለበት፤ ቱቦው ተዘግቷል።"

"ቆሻሻ ቢዘጋው፣ ስታርፍ ማን ይከፍትላታል?"

ሰዓዴ የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡራተሩ ይነቅላል። እንደ ክር የቀጠነ ቤንዚን ይወርዳል፣ ወደ ጠብታ ይለወጣል፣ ይቆማል። ታንኩን በጣቱ ሲያንኳኳው ድምፁ ድፍን ነው፤ ሙሉ ነው። ሞልቶ የማይቀዳ ዕቃ አየር አጥቷል ማለት ነው። ክዳኑን ሲያዞረው ታንኩ ፍስስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ከቱቦው ጫፍ ቤንዚኑ ይንዠቀዠቃል።

"አልሁህ!" ብሎ ወደ ፈዬራ ሊዞር ሲል ክዳኑ ስር ያለውን ያያል።

የታንኩ አፍ ላይ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ፌስታል ተወጥሯል፤ መሃሉ ወደ ውስጥ ተስቦ እንደ አሮጊት ጉንጭ ሰርጉዷል። ክዳኑ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ቀዳዳ የደፈናት እሱ ነው። ዳር ዳሩ በመቀስ ተስተካክሏል። ሰዓዴ ይህን እጅ ያውቀዋል። ሐዋ ለሰው ቅቤ ስትልክ፣ ሽታው እንዳያመልጥ ክዳኑ ስር ፌስታል የምትወጥረው እንዲህ ነው። ረቡዕ ማታ ጀብራን ግቢው መሃል ቆሞ፣ ቤንዚኑ ጎደለ፣ ሐራሚ፣ ሌባ፣ እያለ ሲሰድበው የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነበር።

"ማነው ይህን ያደረገው?" ጀብራን ከጥላው ተነስቷል።

ሰዓዴ ፌስታሉን መዳፉ ውስጥ ይጨመድደዋል። እኔ ነኝ ሊል አፉን ይከፍታል።

"እኔ ነኝ፣ ያ ዓም።" ሐዋ ከወጥ ቤቱ በር ወጥታለች፣ ሊጥ የነካው እጇን እንኳ አልታጠበችም። "ቤንዚኑን ፀሐይ ናት የምትጠጣው። ደግመህ ሌባ እንዳትለው ብዬ፣ እንደ ቅቤ ከደንሁት።"

"ሰማህ?" የሰዓዴ ቁጣ ፈንድቶ ይወጣል። "ሞተርህን ያፈነው ስድብህ ነው! ፍርዱን ከራስህ ጀምር!"

"ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ታስበላታለህ" ይላል ፈዬራ በአማርኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ጀብራን ፌስታሉን ተቀብሎ ያሸተዋል። ሐዋን ለረጅም ጊዜ ያያታል።

"ቅቤ?" ይላል። "የአባቴን ደባብ፣ ሞተር ሳይክሉን፣ እንደ ቅቤ?" ፊቱ ላይ ያለው ሳቅ ይሁን ቁጣ አይለይም። "ዋናው መንገድ ደርሼ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ ከጠፋች ሁለታችሁንም አልሰማም። ሳትጠፋ ከመለሰችኝ ግን ተራራው ይቅር፣ ፍየሎቹን ሌላ ሰው ይጠብቅ።"

ሰዓዴ ቱቦውንና ካንዴላውን ይመልሳል፣ ክዳኑን ያለ ፌስታል ይገጥማል። ጀብራን ሽርጡን ጉልበቱ ድረስ ሰብስቦ ይቀመጥና ይረግጣል። ሞተር ሳይክሏ ማንጎዎቹን አልፋ አቧራ ውስጥ ትገባለች።

ሦስቱም ቆመው ያዳምጣሉ። ፈዬራ መፍቻውን ከአሸዋው ለማንሳት እንዳጎነበሰ ቀርቷል። ዱግ ዱግ ዱግ። ምቱ ይርቃል እንጂ አይስትም።

ሰዓዴ መንገዱን አያይም። የሚያየው የሐዋን እጅ ነው። ሊጥ የነካው ጣቶቿ ተቆላልፈዋል፤ ድምፁ በራቀ ቁጥር አንዱ ከሌላው ቀስ እያለ ይላቀቃል።