ቅንድብ የሸፈነው ቆብ

የቱናውን ጥቁር ሥጋ ከነጩ እየለየሁ ነው። አዲሷ ተቆጣጣሪያችን ሎይስ መጥታ ከጎኔ ትቆማለች። ቀና ብዬ አያታለሁ፤ ከጭምብሏና ከቆቧ መሀል ሁለት ዓይን ብቻ። ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጫር አድርጋ ታልፋለች።

አክስት ኤዝሊን ናፈቀችኝ። ሥልጠናውን ያስጀመረችን እሷ ነበረች፤ ጉልበቷ እምቢ ቢላት ባለፈው ዓርብ ወደ ደሴቷ ወደ ራኖንጋ ተመለሰች። እዚህ የዓሣ ፋብሪካው ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ወሬ አያሰማም፣ አፋችንም ተሸፍኗል። ደግሞስ እኛ የደሴቶቹ ሰዎች «አዎ» ለማለት አፍ መቼ እንፈልግና! ቅንድብ ብድግ ማድረግ ይበቃል። ኤዝሊን በአጠገቤ ስታልፍ ብድግ ታደርግልኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ድካም የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።

ሰኞ ሎይስ ከዋና ከተማው ከሆኒያራ መጣች። በዚያው ቀን፣ ፀጉር ዓሣው ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ እስከ ዓይናችን የሚወርድ አዲስ ቆብ ታደለን። እሷ ባለፈች ቁጥር እንደ ልማዴ ቅንድቤን አንሥቼ እጠብቃለሁ። ይኸው አምስት ቀን፣ ምንም የለም።

ዛሬ ከሰዓት ከእኛ ከሠልጣኞቹ መሀል የሚቀጠሩት ስም ይነበባል። ሥራውን እንዴት እንደምወደው! ግን ስሜ ሲታለፍ ቆሜ መስማት አልችልም። ቢላዬን አስቀምጣለሁ።

«ወዴት ነው?» አጠገቤ የምትሠራው ሪኒ ጆሮዬ ሥር ትጮሃለች።

«የቀትሩ ጀልባ እንዳያመልጠኝ።»

«አበድሽ እንዴ? ሥጋው ውስጥ አጥንት የማስቀረው እኔ፣ የምትሄጂው አንቺ?»

የመታጠቢያ ክፍሉ በር ሲዘጋ ጩኸቱ ይቀንሳል። እጄን ታጥቤ ሽርጤን ስፈታ ሎይስ ተከትላኝ ትገባለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ሥራዬን ካልወደዱት ይንገሩኝ። አምስት ቀን ሙሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳን አዎ አላሉኝም።»

«እኔ? ባለፍኩ ቁጥር እልሽ የለ እንዴ! ዝም የምትዪኝስ አንቺ። ኤዝሊንን የለመዱ ልጆች እኔን መቼም አይወዱኝም እያልኩ…»

ግንባሬን ታያለች። ከዚያ ቆቧን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ትገፋዋለች። ላስቲኩ ግንባሯ ላይ ጥልቅ መስመር ጥሏል፤ ከሥሩ ሁለት ወፋፍራም ቅንድቦች ብድግ ይላሉ።

እጄ ገና እርጥብ ነው። የእኔንም ቆብ ወደ ላይ እገፋለሁ።